ከለውዝ ሸሽቼ በግብጦ ተያዝኩ

ለውዝ እንደማይስማማኝ ያወቅኩት ተማሪ እያለሁ ነው። ከንፈሬን በላኝ፣ አበጠ። ተውኩት፣ አለቀ። ስለ ግብጦ ግን ማንም አልነገረኝም።

ዳንግላ ለቅሶ ሄደን ነው። ሁዳዴ ነበር። ግብጦ ቀረበ። ተቆልቶ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተልጦ። አንድ እፍኝ ቃምኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መዳፌን አሳከከኝ። ቀጥሎ ከንፈሬ አበጠ፣ ጉሮሮዬ ተናነቀኝ።

«ምች መታው!» አለች እናቴ። ዳማከሴ በጥሳ፣ በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ላይ ያዘችው። ወንድሜ ከዚያው ሰፌድ እየቃመ ነው። እሱ ምንም አልሆነም።

በባጃጅ አንድ ክሊኒክ ደረስን። መጀመሪያ ካርድ። ከዚያ ወረፋ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ (እኛ አገር ሁሉም ዶክተር ነው) ምን በላህ እንኳ አላለኝም። ደም ስጥ አለኝ። ሌላ ወረፋ። ወረቀቱን አይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» አለ። ድምፄ እየተዘጋ፣ ዓይኔ አብጦ እያየኝ! ታይፎይድ በአሥር ደቂቃ ከንፈር ያሳብጣል እንዴ? እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ከሱ ይልቅ ግን የምናደደው በራሴ ነው። ለውዝ አይስማማኝም አላልኩም። ለውዝ አልበላሁማ!

ያዳነችኝ በኮሪደሩ ስታልፍ ያየችኝ ነርስ ናት። «ይሄ ልጅ እየታፈነ ነው» ብላ ጮኸች፣ ጭኔ ላይ አድሬናሊን ወጋችኝ። በደቂቃዎች ውስጥ አየር አገኘሁ። የላብራቶሪውን ግን ከመክፈል አልዳንኩም።

ለካ ግብጦና ለውዝ ዘመዳም ጥራጥሬዎች ናቸው። ለውዝ የማይስማማው ሁሉ በግብጦ አይታመምም፣ አንዳንዱ ግን እንደኔ ነው። መዘፍዘፉ ምሬቱን ያወጣል እንጂ አለርጂ የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን አያወጣም። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ግብጦ ያለበት ምግብ ማሸጊያው ላይ ይጻፍ ብሏል። እኛ ሰፌድ ላይ ምን እንጽፋለን?

በኋላ ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም ጥራጥሬ በሙሉ ተው አለኝ። አልሰማሁትም። ሽሮና ምስር ዕድሜዬን ሙሉ በልቼ ምንም ሆኜ አላውቅም። ያለ ጥራጥሬ ሁዳዴን የጨረሰ ካለ ያሳየኝ! የኔ ግን የኔ ነው። ጎረቤታችን ለውዝ እንደልቧ እየበላች አተር ያሳብጣታል። እህቴን የሚያስነጥሳት ምግብ ሳይሆን የአበባ ብናኝ ነው። ስለዚህ «እኔ በልቼው ምን ሆንኩ?» የሚሏችሁን አትስሙ። እስቲ ትንሽ ልሞክር ብላችሁም ቤት ውስጥ አትቅመሱ። እኔ በለውዝ ከንፈሬ ብቻ ነበር ያበጠው፣ በግብጦ ጉሮሮዬ ተያዘ። የአለርጂ ኪኒን ማሳከክ ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ካርድ ክፍል ስትደርሱ ስም ከመናገራችሁ በፊት «የበላሁት ምግብ አፈነኝ» በሉ። ጩኹ፣ ይሉኝታ ይቅር።

እናቴ አሁን ወፍጮ ቤት ስትሄድ «ከኔ በፊት ግብጦ ተፈጭቷል ወይ?» ትላለች። ያኔ ምች ነበር ማለቷን ግን አልተወችም።