ቀስ አድርጎ ላወረደኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው (ምስክርነት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? ይህን የምጽፍላችሁ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጻድቃኔ ማርያም ስለቴን አስገብቼ ትናንት ማታ ገባሁ። እናቴ ደግሞ ስለት መግባቱ ብቻ አይበቃም፣ ካልመሰከርክ ምኑን ስለት ሆነ ብላ ስለያዘችኝ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ከበሽታ ስለመዳን አይደለም። የሥራም፣ የትዳርም አይደለም። ከአውሮፕላን ስለመዝለል ነው። አትሳቁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ማታ ያገኙትን መብላት፣ ከዚያ እዚያው ትራኩ ውስጥ መተኛት። ከሀገር ስወጣ ሱሪዬ በቀበቶ ነበር የሚቆመው፤ ዛሬ 106 ኪሎ ነኝ።

የዝላዩ ነገር የመጣው ከአጎቴ ነው። የእናቴ ወንድም በደርግ ጊዜ አየር ወለድ ነበር። ልጆች ሳለን ማታ ማታ ደብረ ዘይት ስለሰለጠነው ሥልጠና ሲያወራልን አፋችንን ከፍተን እንሰማው ነበር። የሱ ዝላይ ግን የወታደር ዝላይ ነው። ገመዱ አውሮፕላኑ ላይ ይታሰራል፣ ከበሩ እንደወጣህ ፓራሹቱን እሱ ይስብልሃል። እኔ የገባሁበት ሌላ ነው። ከ13,500 ጫማ ትዘላለህ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ማለት ነው። ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ያየ ሰው ከፍታ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ በሆድህ አየር ላይ ተኝተህ ቁልቁል ትወርዳለህ። ተማሪ ከሆንክ 5,500 ጫማ ስትደርስ በገዛ እጅህ ትስባለህ።

መጀመሪያ ላይ ሁለት አስተማሪዎች ግራና ቀኝ ይዘውህ ይዘላሉ። ያ ጥሩ ነበር። ችግሩ የመጣው አንዷ ብቻ ይዛኝ ዘላ አየር ላይ ልትለቀኝ በሚገባት ጊዜ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰው ከአውሮፕላን ሲዘል ፍጥነቱ ዝም ብሎ እየጨመረ አይሄድም። ከአሥር ሰከንድ ትንሽ አለፍ ሲል ከታች የሚገፋው አየርና ክብደቱ እኩል ይሆኑና ፍጥነቱ እዚያው ላይ ይቆማል። በሆዱ የሚወርድ መካከለኛ ሰው በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የከበደ ሰው ከዚያ ያልፋል። የሰውነትህ ስፋት ሳይለወጥ ክብደትህ በ20 በመቶ ቢጨምር ፍጥነትህ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የኔ ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ላይ 220 ነበር የሚታየው።

አስተማሪዬ ቀጭን ልጅ ናት። እኔን ለመድረስ ወገቧ ላይ እርሳስ ታጥቃ ነበር የምትዘለው። እርሳስ! እሱንም ታጥቃ ከለቀቀችኝ እኔ ወደ ታች እሄዳለሁ፣ እሷ ወደ ላይ ትቀራለች። ተማሪ ደግሞ አየር ላይ ሊሽከረከር ይችላል፣ ሊገለበጥ ይችላል፣ ከፍታውን ሊረሳ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ አስተማሪው አጠገቡ መድረስ አለበት። እርግጥ ጀርባችን ላይ ያለው ቦርሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች። ሳትስብ በዚያ ፍጥነት እስከ 750 ጫማ አካባቢ ከወረድክ መጠባበቂያውን ፓራሹት ራሷ ትከፍተዋለች። ግን ማንም በሷ ተማምኖ አይዘልም።

«ፍጥነትህን ካልቀነስክ አለቅህም፣ ካልለቀቅኩህ ደግሞ አታልፍም» አለችኝ። በክፋት አይደለም፣ እውነቷን ነው። አንዱ ደግሞ እዚያው ቆሞ ሲሰማ የነበረ፣ ክብደት ቀንስና በሚቀጥለው ዓመት ና ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። እያንዳንዱ ድጋሚ ዝላይ ደግሞ ገንዘብ ነው። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የእመቤታችን ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆምኩ።

የለመንኩት ኪሎ እንዲቀንስልኝ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው፣ መቼም በጾም እከሳለሁ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። በሽሮ፣ በፓስታና በሳምቡሳ የሚከሳ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ እኔ ጭራሽ ጨመርኩ።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ከባድ ፈተና አለብኝ፣ ጸልዪልኝ።»

«የምን ፈተና ልጄ?»

«የአየር ነገር ነው።»

«አየር መንገድ ልትገባ ነው እንዴ?»

«እንደዚያ በይው።»

ከዚህ በላይ አልጠየቀችኝም። በ21 ጻድቃኔ ማርያም ወርዳ አድራ ጸለየች። ከዚህ ወደ አሜሪካ በሚመለስ ሰው ጸበል በሃይላንድ፣ እምነት ደግሞ በትንሽ ላስቲክ ቋጥራ ላከችልኝ። እኔም እመብርሃንን «በሰላም ካወረድሽኝ ዣንጥላ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ክብደቴን ቀንሺልኝ ማለቱን ተውኩት። ቀስ አድርገሽ አውርጂኝ ብቻ ነበር የምለው።

መልሱ የመጣው ባልጠበቅኩት በኩል ነው። ዊንድ ተነል የሚባል አለ፤ ከታች በትልልቅ ማራገቢያ ነፋስ እየነፋ ሰው የሚያንሳፍፍ የመስታወት ክፍል። እስቲ እዚያ ልሞክር ብዬ ሄድኩ። የተመደበልኝ አሠልጣኝ ሲመጣ ሳየው ከኔ ይወፍራል። በልቤ «እሰይ» አልኩ። ሰውዬው ስለ ክብደቴ አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ ስፋቴ ነበር የሚያወራው። እኔን ያስተማሩኝ ሆዴን ወደ ፊት ገፍቼ እንደ ደጋን እንድለጠጥ ነው፤ ለጀማሪ ልክ ነው፣ እሱ ነው ሳትገለበጥ የሚያቆይህ። ግን በጣም ሲለጠጡ አየሩ በጎንና በጎን ሾልኮ ያልፋል፣ አንተም ትፈጥናለህ። እሱ ያለኝ ዳሌህን ከታች አድርገህ መለጠጡን ግን ላላ አድርገው፣ ደረትህን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባ፣ ትከሻህን ሰብሰብ አድርግ፣ ክንድህን ዘርጋና በመዳፍህ አየሩን ተጫነው፣ እግርህን ዘርጋ፣ አየሩ ቅልጥምህን ሲገፋው ይሰማህ። ክንድህን ብቻ ከዘረጋህ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ፤ እግርህን ብቻ ከዘረጋህ ወደ ፊት ትሄዳለህ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ደግሞ ተንፍስ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ቱታዬንም አየና ይህን ማን ሰጠህ አለኝ። ጠባብ፣ የሚያንሸራትት ናይለን ነበር። ሰፋ ያለ፣ እጅጌው የተንዘረፈፈ፣ ጥጥነት ያለው አመጣልኝ። እኔ እዚህ ላይ ወዲያው ነው የገባኝ። ጣርማበር ላይ ጋቢውን ሳይሰበስብ በነፋስ የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን ለሸዋ ልጅ ማን ያስረዳዋል?

ከመስታወቱ ውጭ ነፋሱን የሚቆጣጠረው ልጅ ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርገው መረቡ ላይ ዘጭ አልኩ። እንደገና አነሳኝ። እግሬን ዘረጋሁ፣ ትከሻዬን ሰበሰብኩ፣ ተነፈስኩ። ቀነሰው፤ አልወረድኩም። ደግሞ ቀነሰው፤ እዚያው ተንሳፍፌ ቀረሁ። አሠልጣኙ ከፊቴ ቆሞ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። እኔ በመከላከያ መነጽሩ ውስጥ አለቅስ ነበር፣ ነፋሱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ የዝላዩ ቀን መጣ። ጠዋት ጸበሉን ተጎነጨሁ፣ እምነቱን ግንባሬ ላይ ተቀባሁ፣ ሄልሜቱን ከላይ ደፋሁበት። በሩ ሲከፈት «እመብርሃን» ብዬ ወጣሁ። አስተማሪዬ ትንሽ ይዛኝ ቆየችና ለቀቀችኝ። ወዲያው ወደ ላይ ስትሄድ አየኋት፤ እሷ መቼ ወጣች፣ እኔ ነኝ የወረድኩት። ጉልበቷ ታየኝ፣ ከዚያ የጫማዋ ሶል። እግሬን ዘረጋሁ። አየሩ ቅልጥሜን ሲመታኝ ተሰማኝ፣ በመዳፌ ተጫንኩት፣ እጅጌው በነፋስ ተሞላ፣ እሷም ቀስ በቀስ ወረደችና ፊቷ ከፊቴ እኩል ሆነ። ወገኖቼ፣ ያንን ፊት አልረሳውም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንዱ እግሬ ካንዱ አጥሮ ኖሮ መዞር ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ መሬቱ ከታች ይሽከረከር ጀመር። እጄን ዘርግቼ ልይዛት ብል ምንም የለም። ጮክ ብዬ «ድንግል ሆይ» አልኩ፤ በዚያ ነፋስ ማን ይሰማል፣ የሰማ ግን ሰማ። ሰውነቴ ራሱ ዳሌውን ወደ ታች ገፋና እንደ መጀመሪያው ተለጠጥኩ። ቆመ። ቀጥ አለ። የእጄን ከፍታ መለኪያ ሳይ 6,000 ሊሆን ነው። እጄን አውለብልቤ ምልክት ሰጠሁና 5,500 ላይ ሳብኩ።

ፓራሹቱ ተከፈተ፣ ገመዶቹ ግን ከጭንቅላቴ በላይ ተጠማዘዋል። ይህ የተለመደ ነገር ነው፣ አስተምረውናል። ገመዶቹን በሁለት እጄ ከፈት አድርጌ እግሬን እንደ ብስክሌት እየመታሁ ፈታሁት። ከዚያ ጸጥ አለ። ለኔ ዓይነት ሰው የሚሰጡት ፓራሹት ትልቅ ነው፣ ድንኳን የሚያክል። እየቆጠብኩ ወረድኩና ከመሬት ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ሁለቱንም መሪዎች እስከ ታች ስቤ በእግሬ ቆምኩ። በእግሬ! ከዚያ ተንበርክኬ መሬት ሳምኩ፤ አሜሪካኖቹ የወደቅኩ መስሏቸው ሮጠው መጡ። በኋላ መሣሪያው ላይ ያየነው ፍጥነት 195 ነበር። አስተማሪዬ ማለፌን ጽፋ ፈረመችልኝ።

ፊዚክስ ነው እንጂ ምኑ ነው ተአምሩ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፊዚክሱንማ እኔው ነኝ ከላይ የጻፍኩላችሁ። ጸበሉን ጠጥቼ ሥልጠናውን ብተው ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። እኔ የምለው፣ እናቴ ጻድቃኔ ደጅ አድራ ባለቀሰች ማግስት ያ ወፍራም ሰውዬ ማን ልኮት መጣ?

የንስሐ አባቴ ግን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ብሎ ጌታን የፈተነው ማን ነበር?» አሉኝ። አባ፣ እኔ መልአክ ይያዘኝ ብዬ አልዘለልኩም፣ ፓራሹት ይዣለሁ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ሁለት ይዘሃል?» አሉ። አዎ፣ ዋናውና መጠባበቂያው። «እንግዲያ ስለትህን አስገባ» ብለው አሳለፉኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ዣንጥላውን ገዝተን ወደ ጻድቃኔ ስንሄድ መኪና ውስጥ ነው። እስከ ሰላ ድንጋይ አላናገረችኝም። ስለቱ ገብቶ ሲታወጅ ግን እልልታዋን ማን ያስቁማት። አጎቴ ደግሞ ማታውኑ ከወንበሩ ተነስቶ በዚህ ዕድሜው ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛና «እስቲ እግሩን እንዴት ነው የምትሉት?» አለኝ።

እናቴ ስለቱ ሲገባ ዝላዩም አብሮ ያለቀ መስሏታል። የመጀመሪያው ፈቃድ እንዲሰጥህ ግን በጠቅላላው 25 ዝላይ መሙላት አለብህ፣ እኔ ገና ብዙ ይቀረኛል። ስመለስ እቀጥላለሁ። ይህን የምታነቡ የደብረ ብርሃን ልጆች፣ በጸሎታችሁ አስቡኝ፤ እሷን መንገድ ላይ ካገኛችኋት ደግሞ ሰላም ብላችሁ እለፉ፣ ወሬ አታብዙ።