ከኒው ኦርሊንስ እስከ ቺካጎ፣ ማሃሊያ ጃክሰን በሄደችበት ሐዲድ

የጎስፔል (የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙር) ዘማሪዋን የማሃሊያ ጃክሰንን ፈለግ ለማየት በቀጥታ ቺካጎ የሚወርድ ሰው ብዙ ነው። ዝናዋ የወጣው እዚያ ስለሆነ አይፈረድበትም። ግን ቺካጎን ብቻ ያየ ሰው ድምፁን ያገኛል እንጂ ምቱን አያገኝም። ምቱ የደቡብ ነው፤ ወደ ሰሜን የወጣውም በባቡር ነው። ስለዚህ እኔም ከኒው ኦርሊንስ ተነሥቼ በሐዲዱ ወጣሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ ናቸው።)

ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው ሲገባ የሚቀድመው መቃብሯ ነው። ፕሮቪደንስ መካነ መቃብር ሜተሪ ውስጥ፣ ኤርላይን ድራይቭ ከሚባለው ሰፊ መንገድ ዳር ይገኛል። ድንጋዩ ላይ "የዓለም ታላቋ የጎስፔል ዘማሪ" ተብሎ ተቀርጿል። ያረፈችው ቺካጎ አጠገብ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1972 ሲሆን በሁለቱም ከተሞች ተለቅሶላታል። እዚህ አስከሬኗን ያጀቡት 24 ሊሙዚኖች በልጅነት ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ቀስ ብለው ሲያልፉ የራሷ ዝማሬ በድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር።

ያ ቤተ ክርስቲያን ማውንት ሞሪያ ባፕቲስት ነው፤ ብላክ ፐርል ሰፈር፣ ሚሎዶን ጎዳና ላይ። ለመድረስ ታክሲ አያስፈልግም። ከካናል ጎዳና የሴንት ቻርልስን የከተማ ባቡር ይዞ፣ ኦዱቦን ፓርክን እንዳለፉ ብሮድዌይ ላይ መውረድ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ በእግር መሄድ ነው። ታሪፉ 1.25 ዶላር ነበር፤ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ልኩን ዘርዝሮ ይያዝ፣ መልስ የለም። አረንጓዴዎቹ ፉርጎዎች የተሠሩት በ1923 እና በ1924 ነው፤ ማሃሊያ ከተማዋን ስትለቅ ገና አዲስ ነበሩ ማለት ነው። በዚያ ዘመን በወንበር መደገፊያ አናት ላይ የሚሰካ ሰሌዳ ነበር። ከሰሌዳው ኋላ ያለው የጥቁሮች መቀመጫ ነው፤ ነጭ ተሳፋሪ ሲበዛ ሰሌዳው ተነቅሎ ወደ ኋላ ይሰካል። ይህ እስከ 1958 ቆይቷል።

ማሃሊያ በ1911 የተወለደችው እዚሁ ሰፈር፣ በሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በዚያች ቤት 13 ሰውና አንድ ውሻ ይኖሩ ነበር። እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደገቻት ኮስታራ አክስቷ ናት። ሰፈሩ ጠባብ ነው፤ ከሴንት ቻርልስ እስከ ወንዙ ግድብ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው፣ እና በዚህ ጠባብ ቦታ ሦስት ዓይነት ድምፅ ይሰማ ነበር። አንደኛው የባፕቲስቶቹ ረጅም ዝማሬ ነው፦ መሪው አንዱን ስንኝ በፍጥነት ያነበንባል፣ ምእመኑ ተቀብሎ እያንዳንዱን ቃል እየጎተተ፣ እያወዛወዘ ያዜመዋል። መሪና ተቀባይ ላለው የእኛ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ሁለተኛው የጎረቤቶቹ የቅድስና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ኦርጋን የለም፣ ከበሮና ታምቡሪን፣ ጭብጨባና የእግር ምት ብቻ። ሦስተኛው አክስቷ ከቤት ስትወጣ ተደብቃ የምትሰማው የቤሲ ስሚዝ የብሉዝ ሸክላ ነው። ከመጀመሪያው መጎተትን፣ ከሁለተኛው ምትን፣ ከሦስተኛው ደግሞ ዜማን ማጎንበስን፣ ማለትም ድምፅን ከፍ ዝቅ እያንሸራተቱ ማዜምን ወሰደች። ብሉዝ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በመድረክ አልዘፈነችም።

ባቡሩ "ሲቲ ኦቭ ኒው ኦርሊንስ" ይባላል። እኔ በተሳፈርኩበት መርሐ ግብር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ45 ተነሥቶ በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ15 ቺካጎ ይገባል፤ መንገዱ ወደ 1,490 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማውን እንደለቀቀ የፖንቻርትሬን ሐይቅ የሚታየው በቀኝ በኩል ስለሆነ መቀመጫ የመምረጥ ዕድል ያገኘ ቀኙን ይያዝ። መዘግየቱ የተለመደ ነው። ሐዲዱ የዕቃ ማጓጓዣ ኩባንያ ንብረት ነው። ሕጉ ቅድሚያውን ለመንገደኛ ባቡር ቢሰጥም፣ የዕቃው ባቡር ርዝመት ከመተላለፊያው ሐዲድ ሲበልጥ ገለል ብሎ ማሳለፍ አይችልም። ስለዚህ የሚቆመው የመንገደኛው ነው። ቺካጎ ላይ ቀጠሮ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ያድርገው።

ስንቅ ይዛችሁ ግቡ። ዛሬ ምክንያቱ የቡና ቤቱ ፉርጎ ከሳንድዊችና ከታሸገ ነገር የዘለለ ስለሌለው ነው። ማሃሊያ በ1927 መገባደጃ፣ በ16 ዓመቷ ስትሳፈር ግን ምክንያቱ ሌላ ነበር፦ ጥቁር መንገደኛ ለብቻው በተከለለ ፉርጎ ይቀመጣል፣ የምግብ ፉርጎውም አይቀበለውም። የተጠበሰ ዶሮና ዳቦ በቅርጫት ወይም በጫማ ካርቶን አሽጎ መሳፈር የዘመኑ ልማድ ነበር። ይህን የመለየት ሕግ ለመፈተን ሆሜር ፕሌሲ በ1892 ሆን ብሎ የነጮቹ ፉርጎ ላይ ተሳፍሮ የተያዘው በዚሁ ኒው ኦርሊንስ ነው፤ በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደበት።

ሚሲሲፒ ውስጥ ካለችው ከጃክሰን ከተማ በኋላ ባቡሩ የሚሄደው በያዙ ሲቲ በኩል ነው። ይህ የ1995 ለውጥ ነው፤ የድሮው መንገደኛ መስመር በስተምሥራቅ፣ በግሬናዳ በኩል ነበር። የእሷን መስኮት እይታ እዚህ ላይ በትክክል አታገኙትም።

ሜምፊስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይደረሳል። ጊዜ ያለው ሰው እዚህ ወርዶ ቢያድር ዋጋ አለው። ማርቲን ሉተር ኪንግ አፕሪል 4 ቀን 1968 የተገደሉበት ሎሬን ሞቴል ከጣቢያው በእግር የሚኬድ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከመመታታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ በረንዳው ላይ ቆመው ለሙዚቀኛው ቤን ብራንች ማታ በጉባኤው "ፕሪሸስ ሎርድ" የሚለውን መዝሙር አሳምሮ እንዲጫወትላቸው ነግረውት ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ አትላንታ ላይ፣ በቀብራቸው ዕለት ያንኑ መዝሙር የዘመረችው ማሃሊያ ናት።

የማሃሊያን ሕይወት የለወጠው ሌላው መዝሙርም የሜምፊስ ነው። "ሙቭ ኦን አፕ ኤ ሊትል ሃየር"ን የጻፉት የከተማው ፓስተር ኸርበርት ብሩስተር ናቸው። በ1947 ስትቀዳው አንድ ችግር ነበር፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 3 ደቂቃ ገደማ ነው፣ መዝሙሩ ደግሞ ያን ያህል አያጥርም። ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ገጾች ተቀዳ። ሰሚው ተነሥቶ ሸክላውን ይገለብጣል። በእኔ ፍርድ ይህ አልጎዳውም፤ ሁለተኛው ገጽ ሲጀምር ጉባኤው ቀድሞ የሞቀ ያህል ነው፣ እሷም ከዚያው ሙቀት ትነሣለች። ሸክላው በብዙ መቶ ሺህ ተሸጠ። ከዚያ ቀደም በ1937 ለሌላ ኩባንያ የቀዳችው ሳይሸጥ ቀርቶ ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ባቡሩ ኬይሮ ላይ የኦሃዮን ወንዝ ይሻገራል። ብዙው መንገደኛ ተኝቷል። በዚያ ዘመን መንገደኛው የሚነቃው እዚህ ነበር፦ ከድልድዩ ወዲያ የደቡብ ሕግ ስለማይሠራ ከተከለለው ፉርጎ ወጥቶ ባሻው ቦታ መቀመጥ ይቻላል።

ቺካጎ ግን እጇን ዘርግታ አልተቀበለቻትም። ትልልቆቹ የጥቁር አብያተ ክርስቲያናት በኖታ የሚመራ፣ ሰከን ያለ የአውሮፓ ኳየር ዝማሬ ይወዱ ነበር። ጭብጨባውና የገላዋ እንቅስቃሴ ለእነሱ ነውር ነው። አንድ ጊዜ 4 ዶላር ከፍላ የድምፅ ትምህርት ሞከረች፤ መምህሩ መጮኋን እንድትተው ነገሯት፤ አልተመለሰችም። ኖታ አታነብም ነበር። አስተንፋፈሷም ከትምህርት ቤት የራቀ ነው፦ ቃሉን እኩል ላይ ቆርጣ ትተነፍስና ቀሪውን ክፍል በአዲስ ጉልበት ትጥለዋለች። ተማሪ ቢያደርገው ስሕተት ይባል ነበር። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፒያኖ የምታጅባት ሚልድረድ ፎልስ እያንዳንዱን ምት ለሦስት እየከፈለች ክፍተቱን ትሞላላት ነበር። ቀረጻዎቹን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ፒያኖውን ብቻ፣ ቀጥሎ ድምፁን ብቻ ቢከተል የሁለቱ ሥራ ይገለጥለታል።

በሩን የከፈተላት ቶማስ ዶርሲ ነው። በፊት የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ በ1932 ባለቤቱን በወሊድ፣ ሕፃኑንም ወዲያው ካጣ በኋላ "ፕሪሸስ ሎርድ"ን ጻፈ። የታተመ የመዝሙር ወረቀት ይሸጥ ነበር፣ ወረቀት ግን ራሱን አይዘምርም። ማሃሊያ ትዘምራለች፣ እሱ ይሸጣል። ዶርሲ የመዘምራን መሪ የነበረበት ፒልግሪም ባፕቲስት ከ35ኛው የአረንጓዴ መስመር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ሕንፃው አስቀድሞ ምኩራብ ነበር። ጃንዋሪ 6 ቀን 2006 ጣሪያ ሲጠገን እሳት ተነሥቶ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ወድሟል፤ በ2020 ደግሞ ማዕበል ከቀሩት ግድግዳዎች አንዱን ጣለ። አሁን የሚታየው በብረት የተደገፈ ድንጋይ ነው። ወደ አጥሩ ብዙ መጠጋት አያስፈልግም፤ ቅርጹ ከመንገዱ ማዶ ይበልጥ ይታያል።

ይህ ፍርስራሽ ኢንዲያና ጎዳና ቁጥር 3301 ነው። በ1956 የገዛችው ቤት ደግሞ እዚያው ጎዳና ላይ ቁጥር 8353 ነው። በቺካጎ ደቡብ 800 ቁጥር አንድ ማይል ስለሆነ በመካከላቸው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ በእግር አይሞከርም። በቀዩ መስመር 87ኛ ጣቢያ ወርዶ ሦስት ተኩል ያህል ብሎክ ወደ ሰሜን መመለስ ይሻላል። ቤቱ ባለ ቀይ ጡብ፣ ምድር ቤት ነው። በሸክላው፣ በ1950 በኒው ዮርኩ የሙዚቃ አዳራሽ በካርኔጊ ሆል በሞላላት ጉባኤ፣ እንዲሁም በገንዘብ አያያዟ የመጣ ነው፤ ክፍያዋን ሳትዘምር በፊት በጥሬው ትቀበል ነበር፣ አዘጋጅ ያታለለው ዘማሪ ብዙ ነበርና። ወደ ደቡብ ስትሄድም ሆቴልና ምግብ ቤት ስለማይቀበላት በካዲላኳ ውስጥ ስንቅ ይዛ ትሄድ፣ እዚያው ትተኛም ነበር። ያው የጫማ ካርቶን፣ መኪናው ብቻ ተለወጠ።

ወደዚህ ነጭ ሰፈር ስትገባ መስኮቶቿ በጥይት ተመቱ፤ ፖሊስ ቆሞ ጠበቃት። በኋላ ነጮቹ ጎረቤቶች ለቀው ሄዱ። ዛሬ ሰው የሚኖርበት የግል ቤት ነው፤ ደወል መደወል የለም፣ ፎቶም ከእግረኛ መንገዱ ላይ ነው።

ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ከ87ኛ ጣቢያ በዚያው ቀይ መስመር ሳይቀይር ወደ ሰሜን ይቀጥል። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ኤጅዋተር ሰፈር ሲደርስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያገኛል።