«ከዚን» የሚባለው ሰው

ሰሞኑን የጅማ ዝናብ አላስወጣ ብሎኛል፤ ማታ ማታ ቡናዬን ይዤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የሚካሄድ፣ ፍቅርም ምስጢርም ያለበት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እያነበብኩ ነው። አንዳንዱ ነገር ቅርቤ ነው። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ጥቁር ለብሳ ትዞራለች፤ ንግሥቲቱ ራሷ ባሏ በ1861 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1901፣ ከጥቁር አልወጣችም። ከል እኛም እናውቃለን።

ቋንቋው ግን ሌላ ዓለም ነው። በአማርኛ ሁለት ሰዎች ሲቀራረቡ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ»፣ «አንቺ» ይመጣል። እንግሊዝኛው «ዩ» ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው የሚወዳትን ልጅ «ሚስ» ማለቱን ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ብቻ የጠራት ቦታ ላይ ስደርስ ልቤ ዘለለ። መልሼ አነበብኩት።

ምስጢሩስ? አንድ ደብዳቤ አለ፤ የጻፈው የሟች «ከዚን»፣ ማለትም የአጎት ወይም የአክስት ልጅ፣ ነው ይላል። እኔ ወንድ ነው ብዬ መቶ ገጽ ተጓዝኩ። ለካ ሴት ናት! እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም ያው «ከዚን» ነው። በአማርኛ ቢሆን «ጻፈች» ከተባለች በቃ፣ ታውቃ ነበር። እንዲህ ያለ መደበቂያ ቋንቋው ውስጥ መኖሩ በጣም ነው የገረመኝ።

40 ገጽ ቀርቶኛል። ዛሬ መብራት ካልጠፋ እጨርሰዋለሁ።