ከብረት መጣያ የተረፈችው አሚጋ

ጀርመን በገባሁ በሁለተኛው ክረምት ነው፣ 2017 መጀመሪያ ላይ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው የምጽፈው። ወረቀቴ ገና አልወጣም። ቀን ቀን ከሃይም፣ ከስደተኞች መጠለያው ማለት ነው፣ እየወጣሁ ብራውንሽዋይግ ከተማ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር እውላለሁ፣ በሰዓት 80 ሳንቲም ይታሰብልኛል። ለገንዘቡ ብዬ አልነበረም። ሃይም ውስጥ ተጋድሞ ጣሪያ ማየት ሰውን ያሳብዳል። ደሴ እያለሁ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ስለነበር ኤሌክትሮኒክሱን አንተ ለይ አሉኝ። የሚሠራው ወደ መደርደሪያ፣ የማይሠራው ወደ ብረት መጣያ።

አንድ ቀን ከካርቶን ውስጥ ወፍራም ኪቦርድ አወጣሁ። ፕላስቲኩ ወይቧል። ኪቦርድ ብቻ መስሎኝ ልጥለው ስል በቀኝ ጎኑ የፍሎፒ ዲስክ መክተቻ አየሁ። ለካ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ገለበጥኩት፤ ከሥሩ በምዕራብ ጀርመን ተሠራ ይላል።

«እባክህ እሱን እንዳትጥለው!»

ዞር ስል ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት ሽማግሌ ናቸው። ዕቃውን ከእጄ ተቀብለው እንደ ሕፃን አቀፉት። «አሚጋ 500 ነች» አሉኝ። «እዚሁ ከተማ ነው የተሠራችው። እኔም እዚያ ፋብሪካ ነበርኩ።» የኔ ጀርመንኛ ያኔ ገና ተሰባብሮ ነው የሚወጣው፤ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጅ ተግባባን። በሚቀጥለው ሐሙስ ቤታቸው ጠሩኝ። ጀርመን አገር የኖረ ሰው፣ ቤት መጠራት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሚጋን ይሠራ የነበረውን ኩባንያ፣ የኮሞዶርን ታሪክ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሰማሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ራሴ አነበብኩ። መስራቹን ሳውቅ እንቅልፍ አጣሁ። ጃክ ትራሚኤል ይባላል። በ1928 ፖላንድ፣ ዉጅ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ናዚዎች ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውሽዊትዝ ወሰዱት፤ ከዚያ አባትና ልጅ ለጉልበት ሥራ ወደ አህለም ካምፕ ተላኩ። አባቱ እዚያው ሞቱ። እሱን በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች ደርሰው አዳኑት። አህለም ያለው ሃኖፈር ነው። ከኔ ሃይም በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም! ያ ልጅ ነው እንግዲህ በ1947 ባዶ እጁን አሜሪካ ገብቶ፣ ወታደር ቤት የጽሕፈት መኪና መጠገን ተምሮ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ትንሽ የጥገና ሱቅ ከፍቶ፣ ቶሮንቶ ተሻግሮ ኮሞዶርን ያቋቋመው። ጠጋኝ ነበር። ስደተኛ ጠጋኝ። ካቻቢቴ ይዤ ላደግኩት ለኔ ይሄ ተራ ወሬ አይደለም። የዚያ ሰው ኩባንያ ደግሞ ተመልሶ መጥቶ፣ አባቱን ካጣበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ ለጀርመኖች ሥራ ከፈተ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ትራሚኤል ኮምፒውተር ለጥቂት ባለጸጎች ሳይሆን ለብዙኃኑ ነው የሚል ሰው ነበር። በ1982 ኮሞዶር 64 ወጣ፣ በ595 ዶላር። በዓመቱ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ገደማ ወረደ። ቺፑን የሚያመርተው ኤምኦኤስ ቴክኖሎጂ የራሱ ስለነበር ነው ይህን ያህል ማርከስ የቻለው። 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ይዞ ከ12 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ኳስ የምትወዱ ደግሞ ስሙን ሳታውቁት አይታችሁታል። ከ1984 እስከ 1989 የባየር ሙኒክ ማሊያ ደረት ላይ የነበረው ጽሑፍ ኮሞዶር ነው። ቼልሲም በኋላ ለብሶታል።

ትራሚኤል ግን በ1984 መጀመሪያ ከዋናው ባለሀብት ከአርቪንግ ጉልድ ጋር ተጣልቶ ወጣ። በዚያው ዓመት ኮሞዶር አሚጋ የሚባለውን ትንሽ ድርጅት ገዛ። አሚጋ በስፓኒሽ ሴት ወዳጅ ማለት ነው። ለዚህ ነው እኔም «እሷ» የምላት። ዋናው መሐንዲስ ጄይ ማይነር ይባላል። የመጀመሪያዋ አሚጋ 1000 ክዳኗ ሲከፈት የሠሩዋት ሰዎች ፊርማ ከውስጥ ተቀርጾ ይገኛል፣ ከመካከሉ የማይነር ውሻ የመዳፏ አሻራ አለ። በ1985 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ስትመረቅ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል መድረክ ላይ የዘፋኟን የደቢ ሃሪን ምስል በኮምፒውተሯ ሠራ። 4096 ቀለም፣ አራት ቻናል ስቴሪዮ ድምፅ፣ ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ። ሌላው ሰው ገና በጥቁርና አረንጓዴ ስክሪን በሚጽፍበት ዘመን!

ከዚህ በኋላ ያለውን ሽማግሌው ማውራት አይወዱም። አለቆቹ በእጃቸው ያለውን አላወቁትም፤ ለምርምር የሚገባውን ገንዘብ ነፈጉ፣ ተራው ፒሲ ደርሶ አለፋቸው። ሚያዝያ 1994 ኮሞዶር ከሰረ። ኤስኮም የሚባል የጀርመን ኩባንያ ገዛው፣ እሱም በዓመቱ ወደቀ። ከዚያ ስሙ ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ።

የኔ ወግ ግን ከክስረቱ በኋላ ያለው ነው። ኩባንያው ሞተ፣ ሰዎቹ አልተበተኑም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌው ጋራዥ የሚሰበሰቡት ስምንት ዘጠኝ ይሆናሉ። የባቡር ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ መምህር አለ። ማንም ደሞዝ አይከፍላቸውም። እንደነሱ ያሉ ሰዎች በየአገሩ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አዲስ ስሪት በ2018 እና በ2021 አውጥተዋል፣ ማፍጠኛ ካርድ ይሠራሉ፣ የጠፋ መለዋወጫ እንደገና ያመርታሉ። ማኅበር ነው። እኛ ባሕር ማዶ ዕድርና ጽዋ እንደምንይዘው ነው የያዙት።

የኔን አሚጋ የከፈትነው እዚያ ነው። ብሎኖቹ ስድስት ጥርስ ያላቸው ስለሆኑ ልዩ ካቻቢቴ ይፈልጋሉ። ከሆዷ በታች ባለች ትንሽ በር የሜሞሪ ካርድ ይገባል፣ ካርዱ ላይ ለሰዓቷ የምትሆን በርሜል መሳይ ባትሪ አለች። ይቺ ባትሪ የአሚጋ ነቀርሳ ነች። ካረጀች ታፈሳለች፣ መዳቡን ትበላለች። የኛም አፍስሳ አካባቢው በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል። ነርሷ የጥርስ ብሩሽና አቼቶ ሰጠችኝ። ፈሳሹን የሚገድለው አሲድ ነው፣ አቼቶ ሲነካው ፍሽሽ ይላል። ከዚያ በአልኮል አጠብኩት። የተበላውን መስመር በቀጭን ሽቦ ቀጥዬ ስታኞ ነካ ነካ አደረግኩ። ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ከዓመት በላይ ከየት ነው የመጣኸው፣ ለምን መጣህ ሲሉኝ ከርሜ፣ ያን ቀን የተጠየቅኩት «ስታኞው እንዲህ ንጹህ ሆኖ እንዲወጣ እንዴት ነው የምታደርገው?» የሚል ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንለኩሳት ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ደነገጥኩ። እነሱ ግን ቀለሙን እንደ ሐኪም ያነቡታል። ቀይ ከሆነ ሮሙ፣ መነሻ ፕሮግራሟን የያዘው ቺፕ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ተደናግሯል፣ አረንጓዴ ከሆነ ሜሞሪው ወይም እሱን የምትመራው አግነስ ነች። አግነስ፣ ዴኒዝ፣ ፓውላ፤ ቺፖቹ የሴት ስም ነው ያላቸው። «አግነስን ተጫናት» አሉኝ ሽማግሌው። አጥፍቼ፣ አራት ማዕዘኗን ቺፕ በሁለት አውራ ጣቴ ሶኬቷ ውስጥ ጫን አደረግኳት። ቀጭ አለች። እንደገና ለኮስናት። ግራጫ፣ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ነጭ፣ ከዚያ ዲስክ የያዘች እጅ መጣች። ዲስክ ስጡኝ እያለች ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ጋራዡ በጭብጨባ ተናጋ። ሽማግሌው «ከዛሬ ጀምሮ ዱ በለኝ» አሉ። አንተ በለኝ ማለታቸው ነው። በጀርመንኛ እላቸዋለሁ፣ በአማርኛ ሳስባቸው ግን እስከዛሬ እሳቸው ናቸው።

በ2019 ወረቀቴ ወጥቶ ስለነበር ለፋሲካቸው ወደ ዛርብሩክን ከተማ አብሬያቸው ሄድኩ። ሪቪዥን የሚባል የዴሞ ሠሪዎች ጉባኤ ነው። ዴሞ ማለት በጣም ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ሙዚቃና ምስል አንድ ላይ አስገብቶ ማስደነቅ ነው፤ አንዳንዱ ውድድር 4 ኪሎባይት ብቻ ይፈቅዳል። ይህን ጥበብ ጀርመን በ2021 በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርሷ ውስጥ መዝግባዋለች። የነሱ ፋሲካ የኛ ሆሳዕና ነበር። እነሱ ቋሊማቸውን ሲጠብሱ እኔ በሶዬን በጠበጥኩ። ከጎኔ የተቀመጠ ፊንላንዳዊ ቀምሶት፣ ለሌሊቱ ብሎ አንድ ኩባያ ጨመረ።

ከዚያ ስንመለስ ነው ሽማግሌው «ያንተን ቋንቋ ትጽፋለች?» ያሉኝ። አትጽፍም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፣ ኮሞዶር ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ። ግን የአሚጋ ፎንት 256 ቦታ አለው፣ የኛ ከሀ እስከ ፖ 231 ነው። የላቲኑን ካስለቀቅነው ይገባል! በነጥብ በነጥብ መሥራት ጀመርኩ። ስምንት በስምንት ነጥብ ለ«ለ» እና ለ«በ» ይበቃል፣ ለ«ሿ» ዓይነቱ ጭራሽ አይሆንም። ወደ 16 አሳደግነው። ሽማግሌው አማርኛ አያውቁም፣ ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው «ይሄኛው እግሩ አጥሯል» ይሉኛል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው።

በትርፍ ሰዓቴ ስለሆነ ዓመታት ወስዶብኛል። እስካሁን 189 ፊደል ጨርሻለሁ። የፊታችን ቅዳሜ «ጨ» ን እንጀምራለን። እግሩ ሦስት፣ አናቱ ላይ ደግሞ ቀለበቶቹ አሉ፣ ሽማግሌው ከወዲሁ በካሬ ወረቀት ላይ እየሞከሩት ነው።