ሮቢን ዊሊያምስ ዝም ሲል

ስለ አሜሪካዊው ኮሜዲያንና ተዋናይ ሮቢን ዊሊያምስ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ፍጥነቱን ነው። እውነትም ያ ሰው ማይክ ከጨበጠ የሚያቆመው አልነበረም። ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ይሆናል፣ ሩሲያዊ ይሆናል፣ ሰባኪ ይሆናል፤ ተመልካቹ በመጀመሪያው ስቆ ሳይጨርስ እሱ አራተኛው ላይ ደርሷል። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ዝም በሚልባቸው ቦታዎች ነው። ዛሬ ስለዚያ ልጻፍ። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1951 ቺካጎ ተወለደ። አባቱ የፎርድ መኪና ኩባንያ ኃላፊ ነበሩ። በ1973 ኒውዮርክ የሚገኘው ጁሊያርድ የተባለ የጥበባት ትምህርት ቤት ገባ። ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ቀልዱ ስም ሳያወጣለት በፊት ትወናን በደንብ ተምሯል። ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1976 ወጣና ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ በትንንሽ ክለቦች መቀለድ ጀመረ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ። «ሃፒ ዴይስ» ለተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ሆኖ የሚጫወት ሰው ሲፈለግ እሱም ለፈተና ቀረበ። ፕሮዲውሰሩ ጋሪ ማርሻል ተቀመጥ ቢለው ወንበሩ ላይ በጭንቅላቱ ተተከለ። ሥራውን አገኘ፤ በ1978 ደግሞ «ሞርክ እና ሚንዲ» የሚል የራሱ ተከታታይ ድራማ ተከፈተለትና አሜሪካ በሙሉ አወቀው።

ዝናው ከኮኬይን ጋር ነው የመጣው። በ1982 ጓደኛው ጆን ቤሉሺ በአደንዛዥ ዕፅ ሲሞት፣ በኋላም የመጀመሪያ ልጁ ሊወለድ ሲል፣ ተወው። ከዓመታት በኋላ መጠጡ ተመልሶ ይዞት በ2006 ሕክምና ገብቷል። ስለ ሁለቱም በመድረክ ላይ ሳይደብቅ ተናግሯል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ወደ ዝምታው ልመለስ። «ጉድ ዊል ሃንቲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ማት ዴመን የሚጫወተው ልጅ አልናገርም ብሎ ሲያደርቅ፣ ሁለቱ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ አንድ ሙሉ የሕክምና ቀጠሮ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጨርሳሉ። እዚያ ላይ እጁን አየሁት፤ አይቁነጠነጥም። ፊቱ ላይ ቁጣም ልምምጥም የለም። ልጁን ይጠብቀዋል፣ በቃ። በቦስተን መናፈሻ ኩሬው ዳር በአግዳሚ ወንበር ላይ ሲመክረውም ያን ሁሉ መቶ ዓይነት ድምፅ ትቶ በአንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚናገረው። ክለብ ውስጥ ለአንዲት ሰከንድ ዝምታ የማይታገስ ሰው ይህን ማድረግ መቻሉ እስካሁን ይገርመኛል። በ1998 ኦስካር ሲቀበል፣ ተዋናይ ልሁን ባላቸው ጊዜ «ጥሩ፤ ግን እንደ ብየዳ ያለ መጠባበቂያ ሙያ ያዝ» ያሉትን አባቱን አመሰገነ። እንደ አባቱ የመከሩን ስንት አባቶች አሉ!

ቀልዱ ደግሞ መድረክ ላይ ብቻ አልቀረም። የጁሊያርድ ጓደኛው ክሪስቶፈር ሪቭ በ1995 ከፈረስ ወድቆ ከአንገቱ በታች ሽባ ሲሆን፣ ቨርጂኒያ ሆስፒታል ድረስ ሄደለት። የሐኪም ካባና ቆብ አድርጎ፣ በሩሲያኛ ቅላጼ የፊንጢጣ ሐኪም ነኝ፣ አሁኑኑ ልመርምርህ ብሎ ገባ። ሪቭ ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ እንደሆነ፣ ሕይወት እንደሚቀጥልም የተሰማው በዚያች ቅጽበት እንደሆነ ጽፏል።

ነሐሴ 11 ቀን 2014 ራሱን ሲያጠፋ በ63 ዓመቱ ነበር። ያኔ እኛም መንደር፣ ፈረንጆቹም ዘንድ አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚባለው፦ ጥርስ ባዳ ነው፣ ሲያስቅ ኖሮ ውስጡ ግን ያለቅስ ነበር። ይህ አባባል ለእሱ ሲነገር ያናድደኛል። የድብርት ታሪክ እንደነበረው እውነት ነው፤ አስከሬኑ ሲመረመር የተገኘው ግን ሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ የሚባል፣ አንጎልን የሚበላ በሽታ ነው። በሕይወት እያለ ማንም አላወቀለትም፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የተነገረው ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንዳለበት ብቻ ነበር።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ስለምሠራ ይህን በሽታ በቅርብ አውቀዋለሁ። የምንከባከባቸው አንድ አዛውንት አሉ። ማክሰኞ ስለ ወጣትነታቸው ሥራ አንድም ሳያዛንፉ ያጫውቱኛል፤ ረቡዕ ማንኪያው ምን እንደሚሠራ ይጠፋባቸዋል። ማታ ማታ መጋረጃው ሥር ልጆች ቆመው ያያሉ፤ «ብርድ ነው፣ አስገቢያቸው» ይሉኛል። ከሁሉ የሚከብደው አእምሯቸው እየከዳቸው መሆኑን እሳቸው ራሳቸው ማወቃቸው ነው። ሮቢንም ያውቅ ነበር። ባለቤቱ ሱዛን በ2016 ለነርቭ ሐኪሞች መጽሔት በጻፈችው ላይ ይህን ሁሉ ዘርዝራለች፦ ፍርሃቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ አእምሮውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስነሳት ቢችል መመኘቱን።

«አዌክኒንግስ» የተባለውን የ1990 ፊልም አሁን ሳየው ሆዴ ይባባል። እዚያ ውስጥ ዶክተር ነው፤ እንደ ሐውልት ደርቀው የቀሩ ሕሙማንን ኤል-ዶፓ በተባለ መድኃኒት የሚቀሰቅስ። ከ24 ዓመት በኋላ ያው መድኃኒት ለፓርኪንሰን ተብሎ ለራሱ ታዘዘለት።

በ2011 የኒውዮርክ ቲያትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ ነብር ሆኖ ለወራት ሲተውን፣ አንዳንዴ በቀን ሁለቴ እየተጫወተ፣ አንድም ቃል አልተሳሳተም ትላለች ሱዛን። ከሦስት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ውስጥ የመጨረሻዎቹን ፊልሞቹን ከሚሠራባቸው ጊዜያት በአንዱ፣ የ«ናይት አት ዘ ሚዩዚየም» ሦስተኛ ክፍል ሲቀረጽ፣ አንዲት መስመር መያዝ አቅቶት ሲጨነቅ ነበር። ሥራውን ግን ጨረሰ። ፊልሙ እሱ ከሞተ በኋላ በታኅሣሥ ወጣ። እኔ በሙያዬ ዓይን፣ በሽታው የት ላይ ይታይ ይሆን ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትዬዋለሁ። የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ሆኖ ፈረሱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ቃሉን ይናገራል፣ ተራውን ይጠብቃል። ምንም አላገኘሁም።