«አዎ፣ ገብቶናል!»

ለተግባር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት፣ በኮሌጁ ውስጥ እርስ በርሳችን እየተፈራረቅን በማስተማር ተለማምደን ነበር። አንዱ ጠመኔ ይዞ ይቆማል፣ ሌሎቻችን ተማሪ ሆነን እንቀመጣለን፤ መልሱን ሁላችንም ስለምናውቀው ጥያቄው እንደተጠየቀ እጅ ይወጣል፤ ትምህርቱም በተመደበለት 40 ደቂቃ ውስጥ ያለ እንከን ያልቃል። ይህ ልምምድ የሰሌዳ አጠቃቀምንና የድምፅን ከፍታ ለማስተካከል ቢጠቅምም፣ ጉዳዩን በእርግጥ የማያውቅ ሰው ፊት መቆም ምን እንደሚመስል ግን አያሳይም። እኔ ይህን ያየሁት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ነው።

ርዕሱ ክፍልፋዮችን ማወዳደር ነበር። ከ60 የሚበልጡ ልጆች በየዴስኩ ሦስትም አራትም ሆነው ተጨናንቀዋል። አማካሪ መምህሬ በሩ ላይ «አብሽሪ፣ ጨዋ ልጆች ናቸው» ብለውኝ ወደ ኋላ አልፈው ተቀመጡ። በእርግጥም ጨዋዎች ናቸው፤ ሥራዬን ያከበደውም ይኸው ጨዋነታቸው ነው። ላዕልና ታህትን በሰሌዳው ላይ አሳይቼ «ገብቷችኋል?» ስል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ገብቶናል!» ይላል። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛን ጽፌ የሚበልጠውን በየደብተራቸው እንዲያሰፍሩ ካዘዝኩ በኋላ በዴስኮቹ መካከል ስዘዋወር ግን፣ አብዛኞቹ አንድ አራተኛን መርጠው አገኘኋቸው። አንዱ ልጅ አጠገቡ ከተቀመጠችው ጋር እየተከራከረ «አራት ከሦስት ይበልጥ የለ እንዴ!» ይላል። ልጁ የተናገረው ከንቱ ነገር አይደለም፤ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እውነት የነበረውን ሕግ፣ ሕጉ ወደማይሠራበት ቦታ ይዞት መጥቶ ነው።

በኅብረት የመመለስ ልማድ በአካባቢያችን ሥሩ ጥልቅ ነው። ከእነዚህ ልጆች ገሚሱ ፊደልን የቆጠረው በቄስ ትምህርት ቤት፣ ገሚሱ በቁርአን ቤት ሲሆን፣ በሁለቱም ዘንድ ድምፅን አስተባብሮ መቅራትና ማዜም ዋነኛው የመማሪያ መንገድ ነው። (ሐይቅ እኮ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስጢፋኖስ ገዳም ወንበር ዘርግተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩባት ምድር ናት።) በቃል ለሚያዝ ትምህርት ይህ መንገድ ዛሬም ተወዳዳሪ ያለው አይመስለኝም። ለማወዳደርና ለማሰብ ግን ያልገባውን ልጅ በገባው ልጅ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ መምህሩም ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል።

ስለዚህ «ገብቷችኋል?» የሚለውን ጥያቄ ተውኩና «ሱቅ ተልካችሁ ከግማሽ ኪሎና ከሩብ ኪሎ ስኳር የትኛው ይከብዳችኋል? ለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያውን ለመመለስ ማንም አልተቸገረም፤ «ለምን» ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ይህን ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ሳይጠሩ የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይተዋል። በኮሌጅ ስናነበው ሦስት ሰከንድ ኢምንት ይመስል ነበር፤ 60 ጥንድ ዓይን እያየኝ፣ አማካሪዬም ከኋላ እየጻፉ ስቆም ግን አላልቅ አለኝ። በመጨረሻ ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠች፣ እስከዚያ ድረስ ድምጿ ያልተሰማ ልጅ «ቲቸር፣ ሩብ እኮ ለአራት ሲካፈል ነው፤ ተካፋይ ሲበዛ ድርሻው ያንሳል» አለች።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዴስክ ሁለት እኩል የወረቀት ቁራጮች አዘጋጅቶ አንዱን ለአራት፣ ሌላውን ለሦስት እንዲያጥፍ አደረግሁ። አራቱን ማጠፍ ቀላል ነው፤ ግማሽን እንደገና ማጋመስ ብቻ ነው። ሦስቱ ግን አስቸገራቸው፤ አንደኛው እጥፋት ሰፍቶ ሦስተኛው ሲጠብ «ይሄ አድልዎ ነው!» የሚል ክርክር ተነሳ፤ ክፍልፋይ የሚባለው ክፍሎቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ መሆኑንም እኔ ሳልናገረው እነሱው ደረሱበት።

ደወሉ ሲደወል በዕቅዴ ከተጻፉት መልመጃዎች ግማሹ እንኳ አልተሠራም ነበር። አማካሪዬ በመገምገሚያ ቅጹ ላይ ለጊዜ አጠቃቀም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡኝ፤ ነጥቡን አልተቃወምኩም፤ በቅጹ መሠረት ትክክል ነው። የምቃወመው ቅጹን ነው፤ መምህሯ ምን ያህል እንደሸፈነች የሚጠይቁ ረድፎች ሞልተውት፣ ተማሪዎቹ በደብተራቸው ምን እንደጻፉ የሚጠይቅ አንድም ረድፍ የለውም። ይህንኑ ስነግራቸው ሳቅ ብለው «እንግዲያውስ ከቅጹ ጀርባ ጻፊው» አሉኝ፤ እኔም ጻፍኩት፤ ስንቶቹ አንድ አራተኛን እንደመረጡና ከወረቀቱ በኋላ ስንቶቹ መልሳቸውን እንደቀየሩ ጭምር። የሚቀጥለው ርዕስ ታህታቸው የሚለያይ ክፍልፋዮችን መደመር ስለሆነ፣ ያጠፏቸውን ወረቀቶች በየደብተራቸው መካከል እንዲያስቀምጡ ነግሬያቸዋለሁ።