ከፓዱዋ እስከ ቦሎኛ፦ የአንጎል ሥዕል ፍለጋ

የድሮ ሐኪሞች የአንጎልን ሥዕል እንዴት እንደሣሉ ለማየት ጣሊያን አገር ፓዱዋ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። አልጋው 45 ዩሮ ነው ተብዬ፣ ሒሳብ ስከፍል ግን የከተማ ግብርና የፎጣ ኪራይ ተደማምሮ 58 ሆነብኝ፤ ፎጣ ስከራይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ሌሊቱን ደግሞ በዕለቱ የተመረቁ ተማሪዎች የቅጠል አክሊላቸውን ደፍተው «ዶቶሬ፣ ዶቶሬ» (ዶክተር፣ ዶክተር) እያሉ በመስኮቴ ሥር ሲዘፍኑ አነጉ። አበባ ታቅፎ ፎቶ ተነሥቶ በጊዜ ወደ ድግሱ የሚገባው የአገሬ ተመራቂ ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ ያን ሌሊት ገባኝ።

ጠዋት ባበጠ ዓይኔ ወደ ጥንታዊው የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ወደ ፓላሶ ቦ ሄድኩ። በ1595 ወደተሠራው የአናቶሚ ቴአትር፣ አስከሬን በተማሪዎች ፊት ይከፈትበት ወደነበረው አዳራሽ፣ ጎብኚ የሚገባው ከሥር፣ አስከሬኑ ይቀርብበት በነበረው በኩል ነው። ቀና ስል ተማሪዎች ቆመው ይመለከቱባቸው የነበሩት 6 ሞላላ የእንጨት እርከኖች እየሰፉ ወደ ላይ ወጡ፤ ለአፍታ አስከሬኑ እኔ የሆንኩ መሰለኝ።

በ1537 በዚህች ከተማ ማስተማር የጀመረው የአናቶሚ ሊቅ ቬሳሊየስ ይህን ቴአትር አላየውም። በ1543 ባዝል ላይ ያሳተመው የሰው አካል መጽሐፍ 7ኛው ክፍል ግን አንጎልን ከላይ ወደ ታች እየቆረጠ ያሳያል፤ የሥዕሎቹን ቅጂ ይዤ ነበርና ግቢው ውስጥ ተቀምጬ አየኋቸው። የራስ ቅሉ እንደ ድስት ክዳን ተነሥቷል፤ የሰውየው ፂም ግን በቦታው አለ። የሐሳብና የትውስታ ማደሪያ እየተባሉ ለዘመናት ሲነገርላቸው የኖሩት የውስጥ ክፍተቶች በጥንቃቄ ሲሣሉ፣ የላይኛው እጥፋት ለበዓል እንደታጠበ የበግ አንጀት ዝም ብሎ ተጠማዟል። ሠዓሊው ሰንፎ አይመስለኝም፤ እጥፋቱ ሥርዓት አለው ብሎ የጠረጠረ ስላልነበረ፣ ዓይኑ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። በ1664 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊስ አንጎሉን ከራስ ቅሉ አውጥቶ በግርጌው በኩል ሲመለከት፣ ኋላ በሕንፃ ሥራው የታወቀው ክሪስቶፈር ሬን የደም ሥሮቹን ቀለበት ሣለለት፤ ለእኔ ትልቁ ለውጥ ከብሩሹ ይልቅ አንጎሉን የገለበጠው እጅ ነው።

ስለ ባቡሩ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ቦሎኛ ደረስኩ።

በፓላሶ ፖጂ ሙዚየም የሰውን አካል በሰም ትቀርጽ የነበረችው አና ሞራንዲ በገዛ እጇ በሰም የሠራችው የራሷ ምስል አለ። በ1714 ተወልዳ በ1774 ያረፈችው ይህች ሴት የክት ልብሷን ለብሳ፣ ፊት ለፊቷ ካለው የተከፈተ ራስ አንጎል ላይ እጆቿን ዘርግታለች፤ አጠገቧ ባሏን ከልብ ጋር አስቀምጣዋለች። አንጎሉን ለራሷ ማስቀረቷ ደስ አሰኘኝ። ከመስታወቱ ሥር ቁጢጥ ብዬ ስቆይ ያዩኝ ሽማግሌ ጥበቃ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ወንበር አመጡልኝ። አመስግኜ ስመልስላቸው የ10 ሰዓቱ ባቡር ሄዶ ነበር።